ጣና ደሴቶች ላይ የማን ሕግ ይከበራል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው ነዋሪነታቸው አሜሪካ ሲሆን በመጪው ጥር ከባለቤታቸው፣ ከአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጃቸው፣ ከዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃቸውና ከእናታቸው ጋር ባሕር ዳር ለመግባት አስበዋል። በአንድ ቀን ክብራን ገብርኤልን፣ ዳጋ እስጢፋኖስንና ናርጋ ሥላሴን አይተው ማታውን ደቅ ላይ በድንኳን ሊያድሩ፣ በትንሿ ድሮናቸው ከላይ ፎቶ ሊያነሡ፣ ልጆቹንም ሊያስዋኙና ዓሣ ሊያስጠምዱ ይፈልጋሉ፤ እናታቸው ደግሞ ከደሴቶቹ ጸበል፣ እምነት (ለበረከት የሚቀቡት አመድ ወይም አፈር) እና የቡና ችግኝ ይዘው መመለስ ይሻሉ። በስልክ ያነጋገሯቸው ባለጀልባ «ሴት የማይወጣባቸው ገዳማት ከመኖራቸው በቀር ምንም ክልከላ የለም» ሲሏቸው፣ አንድ ወዳጃቸው ደግሞ «ጣና ዩኔስኮ የመዘገበው ጥብቅ ሥፍራ ስለሆነ እንደ ፓርክ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል» ብለዋቸዋል። የማንን ልስማ? ነው ጥያቄው።

ሁለቱም ከእውነቱ ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ጣና ጥብቅ ሥፍራ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ፓርክ ግን አይደለም። ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን በ2007 ዓ.ም. (በ2015 እ.ኤ.አ.) የመዘገበው «ሰውና ባዮስፌር» በተባለው መርሐ ግብሩ ሥር ነው፤ ከጣና በፊት ካፋና ያዩ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ ሸካ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. በዚሁ መዝገብ ሰፍረዋል። ብሔራዊ ፓርክ ሰውን ከአራዊቱ ለይቶ ሲከልል፣ ባዮስፌር ግን ሰው ከነእርሻው፣ ከነመረቡና ከነገዳሙ በውስጡ እየኖረ አካባቢው እንዲጠበቅ የታሰበ አሠራር ነው። ስለዚህም ሥፍራው በሦስት ቀጠና ይከፈላል፦ ተፈጥሮው እንዳለ እንዲቆይ የሚተውበት ዋና ቀጠና፣ እርሱን የሚከልል መከለያ ቀጠና፣ ሰዉ በስፋት የሚኖርበትና የሚያለማው የሽግግር ቀጠና። ከጠቅላላው 695,885 ሄክታር ውስጥ ዋናው ቀጠና 22,841 ሄክታር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከመቶ ሦስት እጅ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከተሞችና የእርሻ መሬቶች ሳይቀሩ በተቀረው ክፍል ውስጥ ይገኛሉ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ስፋት አንድ በር፣ አንድ ትኬት ቆራጭ፣ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ጠባቂ አያገኙም። ባለጀልባው «ክልከላ የለም» ያሉት ከዚህ ተነሥተው ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የዱር እንስሳትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541/1999፣ የዓሣ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 እና የቅርስ ጥበቃው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደሴቶቹ ላይም፣ ውኃው ላይም ይሠራሉ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከየትኛውም አዋጅ በዕድሜ የሚበልጠው የገዳማቱ ሥርዓት አለ። የእርስዎን ጥያቄ ስመልስ በዚህ ሥርዓት የምጀምረው ለሃይማኖታዊ ክብር ስል ብቻ አይደለም፤ በሙያዬም ሳየው የደሴቶቹን ደን እስከ ዛሬ ያቆየው ዋናው ሕግ እርሱ በመሆኑ ነው። ከባሕር ዳር ወይም ከጎርጎራ ወደ ውኃው ሲመለከቱ በየብሱ ዳር ዳር የሚታየው እርሻና ግጦሽ ነው፤ ደሴቶቹ ግን ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። ልዩነቱን ያመጣው አፈሩ ወይም ዝናቡ ሳይሆን በአንደኛው ወገን መጥረቢያ የገባ መሆኑ፣ በሌላው ግን ገዳሙ ዛፉን የታቦቱ ቅጥር አካል አድርጎ በመቁጠሩ ነው።

ሆኖም የገዳሙ ሥርዓት የሚያበቃበት አንድ ድንበር አለው፤ እርሱም የውኃው ዳር ነው። መነኮሳቱ ወደብ ላይ ይቀበሉዎታል፣ ጫማ ያስወልቁዎታል፣ የማይገባ ቦታ ቢረግጡ ይመልሱዎታል። ከወደቡ ወዲህ ያለውን ደንገል (ታንኳ የሚሠራበት ሸምበቆ መሰል የውኃ ዳር ተክል)፣ ወፍ፣ ዓሣና ማዕበል የሚመለከትልዎት ግን የለም። በሥራዬ ዘመን እንዳየሁት ጎብኚ በጣና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚደርሰው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳይሆን እዚያ ለመድረስ በሚሄድበት ውኃ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል ጠቅለል አድርጌ፣ ሁለተኛውን ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ሴቶችን በሚመለከት የተነገረዎት ትክክል ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳማት ስለሆኑ ባለቤትዎ፣ ልጅዎና እናትዎ ወደዚያ አይወጡም፤ ይህ ለባዕድም ለወገንም፣ ለልጅም ለአዋቂም አንድ ነው፤ በገንዘብም በልመናም አይለወጥም። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ከክብራን አጠገብ እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ ሴቶች ይገቡበታል፤ ሁለቱ ደሴቶች ጎን ለጎን ስለሆኑ ጀልባዋ እናትዎን፣ ባለቤትዎንና ልጅዎን እንጦስ አውርዳ እርስዎንና ወንድ ልጅዎን ክብራን ልታደርስ ትችላለች። ዳጋን በተመለከተ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ረጅሙን የውኃ መንገድ ተጉዞ ግማሹ ጀልባ ላይ ፀሐይ እየመታው እንዲቀመጥ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። ዳጋ የአጼ ይኩኖ አምላክ፣ የአጼ ዳዊት፣ የአጼ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአጼ ዘድንግልና የአጼ ፋሲል አጽም ያረፈበት ታላቅ ቦታ ነውና ሊያዩት መፈለግዎን እረዳለሁ፤ ከዳጋ ብዙ ሳይርቅ ደቅ ላይ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ቤተሰቡ ናርጋ ላይ ቆይቶ እርስዎ ዳጋ ደርሰው ቢመለሱ ሁሉም የሚያየው ያገኛል።

ጥር መምጣትዎ መልካም ነው፤ ውኃው ከክረምቱ ይሻላል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ቀኑን ሲመርጡ ግን የበዓላቱን አቆጣጠር ይመልከቱ። ጥር 1 የቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ጥር 7 የሥላሴ፣ ጥር 15 የቅዱስ ቂርቆስ ዓመታዊ በዓላት ናቸው፤ በነዚህ ቀናት ዳጋ፣ ናርጋና ጣና ቂርቆስ የሚያስተናግዱት ጎብኚ ሳይሆን ምእመን ነው። እናትዎ ጥር 7ን ናርጋ ላይ ማክበር ቢፈልጉ ነጠላዎን አጣፍተው እንደ ምእመን አብረዋቸው ይሂዱ፤ ሥዕሉን ረጋ ብለው ማየት የሚፈልጉ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይምረጡ። በየገዳሙ የመግቢያ ክፍያ አለ፤ ለቪዲዮ መቅረጫ ደግሞ ለብቻው ይጠየቃል፤ በየቦታው ደረሰኝ ይቀበሉ። አንድ ጊዜ ከፍዬአለሁና ሌላው ጋ አልከፍልም የሚባል ነገር የለም፤ ገዳማቱ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው።

ስለ ሥዕሎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ብልጭታ አይፈቀድም፤ ይህን ሁሉም ጎብኚ ያውቃል፣ ሁሉም አስጎብኚ ይናገራል። ነገር ግን ሥዕሎቹ የተሣሉት በጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጨርቁ ከግድግዳው በተላቀቀበት ቦታ የጀርባ ቦርሳ ቢያሻሸው፣ ሕፃን በጣቱ ቢጫነው፣ «ይኸ ማነው?» ብሎ ሰው እጁን ቢያሳርፍበት ይቀደዳል ወይም ቀለሙ ይረግፋል። ስለዚህ ቦርሳዎን ጀልባው ላይ ይተዉት። የብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል «ከአባቶቼ የወረስኩት ነው» ብሎ ሊሸጥልዎ የሚቀርብ ሰው ቢያጋጥምዎ፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጁ የሚያስቀጣ መሆኑን ያስቡ።

በደኑ ውስጥ ከወደቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ብቻ ይሂዱ። ይህ ምክር ተራ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል አይደለም። ዋንዛው፣ ሾላው፣ ዶቅማውና ወይራው ያረጀ ዛፍ ነው፤ ደኑ የሚቀጥለው ዘንድሮ በቅጠሉ ሥር በበቀለችው ጣት በማታህል ችግኝ ነው፤ ያችን ችግኝ ደግሞ ሰው ሲረግጣት አያያትም። ደሴቲቱ ትንሽ ከሆነች የሚተካላት ዘር ከሌላ ቦታ በቀላሉ አይመጣም። ለፎቶ የሚያምር አቋራጭ ያለ መስሎዎት ከመንገድ ሲወጡ፣ የሚቀጥለው ጎብኚ የእርስዎን ዱካ መንገድ ብሎ ይከተለዋል። የወደቀ ደረቅ እንጨትም የማንም አይደለም ብለው አያንሡ፤ ለአፈሩና ለነፍሳቱ ምግብ ነው፤ ገዳሙም የራሱ ንብረት አድርጎ ያየዋል። ልጆቹ ለጦጣ ሙዝና ብስኩት እንዳይወረውሩ ይንገሯቸው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣ ቆይቶ ከአሮጊት መነኩሲት እጅ የሚነጥቅ ጦጣ ይሆናል።

በድንኳን ማደርን አልመክርም። ደቅ ባዶ ደሴት አይደለም፤ ገበሬ የሚኖርበት፣ መሬቱ ባለቤት ያለው፣ ዳርቻውም የሚታረስና የሚጋጥ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም የድንኳን ሥፍራ አይደለም። ማደር ግድ ከሆነ አስቀድሞ በአካባቢው አስተዳደርና በደብሩ አስተዳዳሪ በኩል መጠየቅ፣ የሚያሳድሩዎትም ሰዎች የሚሉትን መቀበል ነው፤ ማገዶ ለቅሞ እሳት ማንደድ ግን በየትኛውም መንገድ አይታሰብ። የእኔ አስተያየት ጉብኝቱን ለሁለት ቀን ከፍለው ሁለቱንም ሌሊት ባሕር ዳር እንዲያድሩ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ደቅና ዳጋ፣ በሁለተኛው ክብራን፣ እንጦስና ዘጌ። ከባሕር ዳር ክብራን የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ሲሆን ደቅና ዳጋ ግን በተለመዱት ጀልባዎች ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋሉ፤ ሦስቱን በአንድ ቀን ልድረስ ያለ ሰው ውሎው ጀልባ ላይ ያልቃል።

አሁን ወደ ውኃው እንሂድ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጉዞው በማለዳ ይሁን፤ ለአምስታችሁም ላይፍ ጃኬት መኖሩን ከመሳፈርዎ በፊት በዓይንዎ ይዩ፤ ለልጁ ደግሞ በልኩ የሆነ ይጠይቁ። ይህ ስለ እርስዎ ደኅንነት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ግን ስለ ሌሎች ደኅንነት ነው። ጣና ላይ በሞተር ጀልባ ሲሄዱ ብቻዎን አይደሉም፤ በደንገል ታንኳ ተቀምጦ መረቡን የሚያነሣ፣ እንጨት ወይም እህል ጭኖ የሚቀዝፍ ሰው አለ። ታንኳ ከውኃው በላይ ያላት ከፍታ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ፈጥኖ ያለፈ ጀልባ የሚልከው ማዕበል ጭነቱን ያረጥባል፣ ሲከፋም ይገለብጣታል። ጀልባ ነጂው ታንኳ ሲያይ ፍጥነቱን ቀንሶ ራቅ ብሎ እንዲያልፍ መንገር የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ነጂው የሚቸኩለው እርስዎ የቸኮሉ ስለሚመስለው ነውና። በሥራ ገና አዲስ ሳለሁ እኔው ራሴ «ቶሎ እንድረስ» ብዬ ባጣደፍኩት ጀልባ ማዕበል የአንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ሙሉ ውሎ ወደ ውኃው ሲመለስ አይቻለሁ። አዛውንቱ አልተሳደቡም፤ ቀና ብለው አዩኝና መቅዘፋቸውን ቀጠሉ።

ያችን ታንኳ የሚሠሩባት ደንገል ራሷ የጥበቃው ዋና ጉዳይ ናት። ደንገል በሐይቁ ዳር ለዘመናት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ መተዳደሪያ፣ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራበት፣ ከእርሻው ታጥቦ የሚመጣውን ደለል የሚይዝ ማጣሪያ ነው። በእርሻ መስፋፋትና በግጦሽ የተነሣ በብዙ ቦታ አልቋል። ስለዚህ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ልስጥዎ፦ በወደብ እንጂ በደንገል ውስጥ አይውረዱ። አንዳንድ ጀልባ ነጂዎች ጎብኚውን ለማስደሰት አፍንጫዋን ደንገሉ ውስጥ ሰንቅረው ሞተር ያጠፋሉ፤ ፎቶው ያምራል፤ ግን የተሰበረው ዘንግና የተነሣችው ወፍ ከእርስዎ ጋር አይመለሱም።

ወፎቹን በሚመለከት በሜትር የተለካ ርቀት ብነግርዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ወፍ ሁሉ አንድ ልክ የለውም። መለኪያው እንዲህ ነው፦ ሲመገብ የነበረ ወፍ መብላቱን ትቶ አንገቱን ካቀና ቀርበዋል፤ መራመድ ከጀመረ ከልክ አልፈዋል፤ ከተነሣ አጥፍተዋል። በጥር ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት፣ ክሬን የሚባሉት እግረ ረጅም ወፎች በዚህ ወቅት በሺዎች ሆነው ከሐይቁ በስተሰሜንና በስተምሥራቅ ባሉት ሜዳዎችና ረግረጋማ ቦታዎች ይውላሉ፤ ቀን በቀን የሚለቅሙት ለመመለሻ ጉዟቸው ስንቅ ነው። አንድ ጊዜ በተነሡ ቁጥር ያከማቹትን ይከፍላሉ። ባለ ዘውዷ ጥቁር ክሬን ደግሞ እንግዳ ሳትሆን እዚሁ የምትራባ የአገር ወፍ ናት። ጎጆ ካዩ ሞተር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ዘወር ብሎ መሄድ ነው፤ እናት ከጎጆዋ በራቀችበት ሰዓት እንቁላሉ በፀሐይ ይጎዳል ወይም ቁራ ይወስደዋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሊያዩ ይችላሉ፤ ከእርሱ ቢያንስ የአንድ ኳስ ሜዳ ርዝመት ይራቁ። ይህኛው ለጉማሬው ሳይሆን ለእርስዎ ነው።

ስለ እምቦጭ አረም ሳይሰሙ አልቀሩም። ጣና ላይ ከታወቀ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ሰፊ ውኃ ሸፍኗል፤ ዓሣ አጥማጁን ከውኃው፣ ከብቱን ከመጠጫው ለይቷል። ጎብኚው ሊያውቀው የሚገባው የሚዛመትበትን መንገድ ነው። አረሙ ዘር ብቻ አይዘራም፤ ከተቆረጠ ቅርንጫፉ አዲስ ተክል ያበቅላል። በጀልባው ሞተር ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመች አንዲት ቁራጭ ንጹሕ ወደሆነ ወሽመጥ ብትደርስ በዚያ ትጀምራለች። ዘሩ ደግሞ በጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ ዛሬ ተለቅሞ ጸዳ የተባለ ዳርቻ ተመልሶ ሊለብስ ይችላል። ጀልባው ከሰሜኑ ዳርቻ የመጣ ከሆነ ፕሮፔለሩ፣ ገመዱና ወለሉ መጽዳቱን ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ጭቃ የያዘ ጫማዎንም እዚያው ታጥበው ይነሡ። ከሁሉ በላይ ግን ልጅዎን ያስጠንቅቁ፤ ምክንያቱም ሐምራዊ አበባው በጣም ያምራል፤ ቀጥፎ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ የማያምረው ልጅ የለም። ወደ ሌሎች ሐይቆች ለመቀጠል ካሰቡ ይህ እጥፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቆቃ ላይ አረሙ ከታወቀ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነሆ እስከ ዛሬ አልተነቀለም።

ዓሣ ማጥመዱን ይተዉት ብዬ እመልሳለሁ። ማጥመድ በፈቃድ የሚሠራ ሥራ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን ሌላ ነው። ጣና ውስጥ ነጭ አሳ ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ከአሥራ አምስት የማያንሱ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው፤ ከአንድ ዘር ተነሥተው በዚሁ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው ያደጉ፣ በሌላ ቦታ የማይገኙ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ መረብ የወንዙ አፍ ላይ ከጠበቃቸው ትውልዱ በአንድ ሌሊት ያልቃል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረጉት ክትትሎች እነዚህ ዓሦች ምን ያህል በፍጥነት እንደቀነሱ አሳይተዋል። በጥር የመራቢያው ጊዜ ስላለፈ በባሕር ዳር ምግብ ቤት ቆረሶ (ቲላፒያ) ጠብሰው ቢበሉ የሚወቅስዎ የለም፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የሚመጣ ጎብኚ ግን ነጭ አሳ ሲቀርብለት ከየት እንደተጠመደ መጠየቅ ይገባዋል።

መዋኘቱን የምከለክልዎ በሕግ ሳይሆን በጤና ነው። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለበት። ተውሳኩ በዳር ውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አድጎ ይወጣና በሰው ቆዳ ውስጥ ያልፋል፤ ለዚህም ጉልበት ድረስ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ መቆም ይበቃዋል። ልጆች የሚንቦጫረቁት ደግሞ እዚያው ዳር ላይ ነው። ከጀልባ ሲወርዱ ውኃ መርገጥ ካለ ወዲያው እግራቸውን በፎጣ ያድርቁ። ሳይታሰብ የገባ ልጅ ካለ አሜሪካ ከተመለሳችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ለሐኪም «ጣና ገብቷል» ብላችሁ አስመርምሩት፤ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው፤ እዚያ ያለ ሐኪም ግን ካልነገሩት ላይጠረጥረው ይችላል።

ድሮኑን ቤት ይተዉት። በኢትዮጵያ ድሮን ማስገባትና ማብረር ከፌዴራል የሚመለከተው አካል ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዘው ቢመጡ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ፈቃዱ ቢኖርዎ እንኳ በጸሎት ላይ ባሉ መነኮሳት ራስ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ማብረር፣ ጎጆ ላይ ያለች ወፍም ጭልፊት መጣ ብላ እንድትበረግግ ማድረግ አይገባም። በዚሁ አጋጣሚ የአካባቢውን ወቅታዊ የጸጥታ ሁኔታ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊትም፣ ጀልባ ከመሳፈርዎ በፊትም ያጣሩ።

በመጨረሻ የእናትዎ ጥያቄ ይቀራል፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የወደድኩት እርሱን ነው። ጸበሉን ከገዳሙ አባቶች ተቀብለው በንጹሕና በሚገባ በሚከደን ዕቃ ይያዙ፤ ከሐይቁ የተቀዳ ውኃ ግን ጸበል አይደለምና ይዘው አይሂዱ። እምነቱ አመድ ብቻ ከሆነ ብዙም አያስቸግርም፤ አፈር ከተቀላቀለበት ግን አፈር ያለ ፈቃድ ወደ አሜሪካ ማስገባት ስለማይቻል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊወሰድባቸው ይችላል፤ እናትዎ እዚያ ቆመው ከሚያዝኑ እዚሁ ተቀብተውት ቢሄዱ ይሻላል። ማንኛውንም ዕቃ ሲገቡ ያስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ እንጂ የተመዘገበ አያስቀጣም። የቡና ችግኙን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው፤ ከጣናም በኩል፣ ከአሜሪካም በኩል። ችግኝ ሲነቀል ደኑ ይጎዳል፤ ለተከላ የሚሆን ተክልም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሳይኖረው አሜሪካ አይገባም።

እናትዎ የፈለጉት ግን ችግኙን ሳይሆን ቡናውን ይመስለኛል። በሁለተኛው ቀን ዘጌ ላይ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረት መንገድ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው ይሸጣሉ። ዘጌ፣ ገዳሙን በመሠረቱት በአባ በትረ ማርያም ቃል መሠረት፣ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባትም የማይፈቀድበት ልሳነ ምድር ነው፤ ሰዉ የሚኖረው በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። የቡናው ገቢ ሲያንስ ጥላው ዛፍ ተቆርጦ ባሕር ዳር ለማገዶ ይሸጣል። ስለዚህ እናትዎ ጥሬውን ከገበሬው በቀጥታ ገዝተው፣ ባሕር ዳር ያረፉበት ቤት አስቆልተው፣ በደንብ አሽገው ይያዙት፤ የተቆላ ቡና አሜሪካ መግባት አይከለከልም።